አሥራ ሰባተኛው ጥያቄና የደሃና ውርጭ

እኔ ለፈተናው አሥራ ሰባተኛ ጥያቄ ያዘጋጀሁት የመልስ ቁልፍ «ውሃ በገዛ ራሱ በረዶ ሊሆን አይችልም፤ ኢንትሮፒው፣ ማለትም የቅንጣቶቹ መበታተን፣ ይቀንሳልና» ይላል። የተማሪዬ የማስተዋል ወረቀት ደግሞ «ይችላል። ደሃና ውስጥ ገንዳ ላይ አይቻለሁ» ይላል። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩባት። አንድ ነጥብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ በውጤታቸው በትምህርት ቤቱ ማደሪያ አልጋ የሚያገኙ ሠላሳ ተማሪዎች ስም ይነበባል። ሠላሳኛው መልአኩ ነው፤ ድምሩ አምስት መቶ ሰባ አንድ። ማስተዋል በአንድ ነጥብ ታንሳለች። አልጋ ካላገኘች ትምህርቱን ትታ ወደ ደጋው አገሯ ወደ ደሃና እንድትመለስ አባቷ ቁርጡን ነግረዋታል።

ዓርብ ወረቀቱን ስመልስ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ ማን አረጋው?»

«ምኑን?»

«የገንዳውን ውሃ። ማታ ውሃ ነበር። ጠዋት አባቴ ለበሬዎቹ በመጥረቢያ እጀታ ሰበረው።»

«ደሃና ፍሪጅ ገባላት!» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ።

ያደግኩት ተከዜ ዳር፣ ቆላ ነው። ከሰማይ ከሚወርደው በቀር በረዶ የማውቀው ለስላሳ መሸጫ ውስጥ ነው። ጥያቄዋ ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ቅዳሜ መጽሐፉን ስገልጥ፣ ሳስተምር የዘለልኩትን መስመር አገኘሁት፤ መጨመር ያለበት የውሃው ኢንትሮፒ ብቻ ሳይሆን የውሃውና የአካባቢው ድምር ነው። ውሃ ሲረጋ ሙቀት ይለቃል። አየሩ ከዜሮ በታች ከቀዘቀዘ፣ ያ ሙቀት ለአየሩ የሚጨምረው ኢንትሮፒ ውሃው ካጣው ይበልጣል። ቆላ ላይ አይበልጥም። ደሃና ላይ፣ ውርጭ ባለበት ጠዋት፣ ይበልጣል።

ወረቀቶቹን እንደገና አየሁ። ከማስተዋል በቀር «ይችላል» ያለ የለም። ሌሎቹ ነጥቡ ቢቀነስባቸውም ቦታቸው አይነካም፤ የሚወጣው መልአኩ ብቻ ነው። እሱ የጻፈው ደግሞ እኔ ያስተማርኩትን ነው፣ ቃል በቃል።

ሰኞ ማለዳ ለርዕሰ መምህሩ ነገርኳቸው።

«ጥያቄውን ለሁሉም ሰርዘው» አሉ ጋሽ እንግዳው። «እኩል ይሆናሉ፤ እጣ ይጣላል። አንተም ከመሳቀቅ ትድናለህ።»

«ትክክል የጻፈችው እሷ ናት እኮ።»

«መልአኩንስ ማን አሳሳተው?»

የስም ዝርዝሩን ሰጡኝ። «ፈተናው ያንተ ነው፣ የምትወስነውን ልጁ ካንተው አፍ ይስማው። አንተው አንብበው።»

ሃያ ዘጠኝ ስም ጠራሁ። ከፊት ረድፍ መልአኩ ኮሌታውን ያስተካክላል፤ ጓደኛው ከወዲሁ ትከሻውን መታ መታ ያደርገዋል። ማስተዋል መሬት መሬት ታያለች።

«አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «መልአኩ፣ አንተ የጻፍከው ያስተማርኩህን ነው። ትክክለኛው መልስ ግን የማስተዋል ነው። ሠላሳኛዋ ማስተዋል ናት።»