አዊቲ ያረፈችበት ግቢ

እህቴ አዊቲ የሞተችው በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እጄ ግንባሯ ላይ ነበር። ውጭ ሴቶች ኦሜና የምንላትን ደቃቅ ዓሣ አሸዋው ላይ እያሰጡ ይሳሳቃሉ። መሞቷን ስነግራቸው ሳቁ ቆመና ለቅሶው ተጀመረ።

ገና ሳትገነዝ አጎቴ ኦዱንዶ መጣ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤታችን የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው።

"የወንድሜ ልጅ፣ አጥር ውስጥ እንደማትገባ መቼም ታውቃለህ" አለኝ።

አውቃለሁ። እኛ የዚህ ሐይቅ ዳር ነገድ፣ ሉኦዎች፣ ያገባች ሴትን ባሏ ግቢ እንቀብራለን። ትዳሯን ጥላ የተመለሰች ግን የአባቷ አጥር ውስጥ ቦታ የላትም። አዊቲ ባሏን ጥላ ከመጣች ቆይታለች፤ ጥሎሽ የሰጣቸውን ከብቶችም መልሶ ነድቷቸዋል። ሐይቁ ዳር ባለች አንዲት ጎጆ ቻንጋ የሚባለውን አረቄ እያወጣች ትሸጥ ነበር።

"የአባቴ ልጅ ናት፣ አጎቴ።"

"ናት። ግን አጥር ውስጥ ከቀበርናት እርግማኑ የሚገባው ሚስትህ ሆድ ውስጥ ነው። ያንን ነው የምትፈልገው?"

ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

"ነገ በጠዋት ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ እንቆፍርላታለን። ያለ ጫጫታ" አለ አጎቴ።

አዊቲ ግን ከመሞቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመነችኝ። "ኦሙጋ፣ እንደ ውሻ ከአጥር ኋላ እንዳትጥሉኝ።" እሺ ብያታለሁ። ስለዚህ ተነሥቼ ወደ ማማ ሪስፓ ሄድኩ።

ማማ ሪስፓ የቤተክርስቲያናችን የእናቶች ማኅበር መሪ ናት። አዊቲ መጀመሪያ ቤተክርስቲያን የመጣች ዕለት፣ ልብሷ አረቄ አረቄ እየሸተተ፣ በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጎኗ የነበሩት ሸሹ። ማማ ሪስፓ መዝሙሩ መሐል ከፊት ወንበሯ ተነሥታ፣ እየዘመረች መጥታ፣ ሙሉ ሰውነቷን ይዛ አጠገቧ ዘጭ አለች። "ጠጋ በይ፣ እኔ እንደምታይኝ ቀጭን አይደለሁም" አለቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚቀመጡት እዚያው ነበር። አረቄውን ተይ ብላት አታውቅም። "ኦሜና ብትነግጂ መረብ ያለው ሰው አገናኝሻለሁ" ትላት ነበር እንጂ።

ነገሩን ስነግራት "እንግዲያው ቤተክርስቲያናችን ግቢ ትረፍ" አለች። ከሰዓት በኋላ በቤተክርስቲያኑ ማንጎ ሥር ተሰበሰብን። ጸሐፊያችን ሜሻክ ቆሞ ተናገረ።

"እዚህ ግቢ የሚቀበሩት መጋቢዎች ብቻ ናቸው። አዊቲ አባል እንኳ አይደለችም። አልቆረበችም። ቅዳሜ ቻንጋ ትሸጣለች፣ እሑድ ትመጣለች።"

"ትመጣለች አልክ?" አለች ማማ ሪስፓ። "እግዜር ይስጥህ፣ መሰከርክላት። ዝናብ ሲጥል አንተ ራስህ የማትመጣበት እሑድ አለ።"

ሴቶቹ ሳቁ። አጎቴ ኦዱንዶ ተከትሎኝ መጥቶ ከዳር ቆሞ ነበርና በዱላው መሬቱን መታ።

"የአሴምቦ አገር ልጅ! እዚህ ተድረሽ መጣሽ እንጂ አገሩ የእኛ ነው። ሥርዓት አታፍርሺ። እርግማኑ ይከተላችኋል።"

"ይከተለን፣ የኦዴሮ ልጅ" አለች ማማ ሪስፓ፣ በአያቴ ስም ጠርታው። " ቤተክርስቲያን እንደሆነ ነፍሰ ጡር ምራት የላትም። መጥቶ ማንን ይይዛል? ጣሪያው ላይ ያሉትን የሌሊት ወፎች? እነሱን ካጠፋልንማ በግ አርደን ነው የምንቀበለው።"

አጎቴ ፊቱን አዞረ። ሲስቅ እንዳናየው ነው።

መጋቢያችን ኬፋ ገና ወጣት ነው፤ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ላብ አጥምቆታል።

"ማማ፣ ጳጳሱን ሳላስፈቅድ አልችልም።"

"ደውልላቸው ልጄ። እኛ እየቆፈርን እንጠብቅሃለን።"

መጋቢው ስልኩን አወጣ። አየው፣ አየውና መልሶ ኪሱ ከተተው። "ኔትወርክ የለም" አለ። ኔትወርክ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ የሜሻክ ስልክ እዚያው እየጮኸ ነበር። መጋቢው ነጭ ኮሌታውን ፈትቶ ለአንዲት ሴት አስያዘና "አካፋው የታለ?" ብሎ ጠየቀ። መሬቱ ድንጋይ ነበር። እየተፈራረቅን እስኪመሽ ቆፈርን። ሜሻክ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ሲመለከት ቆየና "እንዲህ ጠባብ አድርጋችሁ ሳጥኑ በየት ይገባል?" ብሎ ዶማውን ከእጄ ነጠቀኝ።

አስከሬኗን ሆስፒታል አቆይተን፣ ዘመድ ከሩቅ እስኪሰበሰብ ጠብቀን ቅዳሜ ቀበርናት። የእናቶች ማኅበር ነጭ ቀሚስና ሰማያዊ ሻሽ የሚለበሰው ለማኅበርተኛ ቀብር ነው። ማኅበርተኛ ደግሞ በቤተክርስቲያን የተዳረች ብቻ ናት። ማማ ሪስፓ ስለዚህ ነገር ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ እሷ ራሷ ተራ ጉርድ ለብሳ ነበር የመጣችው። ከዳገቱ ቁልቁል ሴቶቹ ሲወርዱ አየን። አንዷም ሳትቀር በነጭ ናቸው።

ማማ ሪስፓ አየቻቸው። ከዚያ ጉርዷን ወደ ታች ተመለከተችና፣ "እናንተ ከዳተኞች! እኔን ብቻዬን እንደ ገበያተኛ ልታስቆሙኝ ነው? ሳጥኑን እንዳታነሡ!" ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። በዚያ ዕድሜዋ ስትሮጥ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቃት። ነጩን ለብሳ እያለከለከች ተመለሰችና የሳጥኑን የፊት እጀታ ያዘች። ስምንት ሆነው ተሸከሟት፤ እንደ አንዷ ማኅበርተኛ እየዘመሩ።

በሕይወቴ ብዙ ቀብር አይቻለሁ። የሹም ቀብርም አይቻለሁ፣ መኪና የተሰለፈበት። እንደዚያ ቀን ግን የዚህ አገር ሰው በመሆኔ ኮርቼ አላውቅም። እያለቀስኩ ራሴን ቀና አድርጌ ነበር የሄድኩት። አጎቴ ኦዱንዶ የቤተክርስቲያኑ ግቢ በር ድረስ መጣ፤ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ግን ኮፍያውን አወለቀ።

በሚቀጥለው የዝናብ ወራት ሐይቁ የአንድ ዓሣ አጥማጅ አስከሬን ወደ ዳር ተፋ። ከኡጋንዳ በኩል ይሁን ከታንዛኒያ የሚያውቅ ጠፋ። መጋቢ ኬፋ የቀብር ጸሎት አድርሶለት፣ ማንም ሳይቃወም ቤተክርስቲያኑ ግቢ ከአዊቲ ጎን ተቀበረ።