እሱ ነው ያበላኝ

ዓዲላ ማሩን በጣቷ ጫፍ ነክታ ልትልስ ስትል ወንድሟ አብዱልረሂም እጇን ያዘ።

«ምን እያደረግሽ ነው? አባታችንን የገደለው እኮ ይሄ ነው።»

«ማር እየቀመስኩ ነው» አለችና እጇን አስለቅቃ ላሰች።

አብዱልረሂም አሁን ትወድቃለች ብሎ ቆሞ ጠበቀ። ሰሌን ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች ሻያቸውን እንደያዙ አንገታቸውን አሰገጉ። ማሩ ጣፋጭ ነበር። ዓዲላ ጉባ ውስጥ በግድቡ ሠራተኞች ካምፕ ምግብ ታበስላለች፤ የከረመ ሥጋና የነቀዘ ዱቄት ሊያስረክቧት የሞከሩ ብዙ ነጋዴዎች አይታለች። ከሰው ወሬ ይልቅ ምላሷን ማመን ከለመደች ቆይታለች።

«አይመርም» አለች።

«መርዝ ሁሉ ይመራል ያለሽ ማነው?»

«አባባ መራራ ነበረ ብሎ ለነርሷ ነግሯታል አላላችሁኝም?»

«ሰደቃው ይለፍ» አለ አብዱልረሂም ማሰሮውን እየከደነ። «ከዚያ ፖሊስ ይቅመሰው።»

ማሩን ያመጣው ጎሹ ነው። በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥቶ አሶሳ አጠገብ ከሰፈረ ጀምሮ ከአባቷ ከማህጁብ ጋር ቀፎ ሲሰቅል ኖሯል። ማህጁብ ችኩል ነበር፤ ጭሱ ንቧን ሳያበርድ እጁን ወደ ቀፎው ይሰዳል። «ማህጁብ፣ ንቧ እንኳ ትጨርስ እንጂ» ይለዋል ጎሹ፣ ያበጠ ፊቱን እያየ ሲስቅ። ማህጁብ በሞተበት ዕለት ጠዋትም ጎሹ ማር ይዞ መጥቶ ነበር። ማታ ማህጁብ ሆዱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደ፤ በሕይወት አልተመለሰም። ነርሷ ለአብዱልረሂም «አንድ ሰውዬ መራራ ነገር እንዳበላቸው ነግረውኛል» አለችው። ያን ቀን ከቤቱ ሰው ሌላ እዚህ የገባ ወንድ ደግሞ ጎሹ ብቻ ነው። አሁን ከአጥሩ ውጭ ማንጎው ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይውላል። ግባ ያለው የለም፤ እሱም አልሄደም።

«ቢያፍር ኖሮ ይሄድ ነበር» አለች ነዕማ፣ ማድቤት ሽንኩርት እየላጠች። የማህጁብ እህት ናት፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ነች።

«ንጹሕ ቢሆንስ?»

«ንጹሕ ከሆነ ምን ያስቀምጠዋል?»

«ታዲያ ምን ቢያደርግ ይሻልሻል፣ አክስቴ?»

ነዕማ ሌላ ሽንኩርት አነሳች።

ዓዲላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ሰብለወንጌል ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች፣ ለአገሩ አዲስ ልጅ ናት።

«እንዳንቺ አድርገሽ ሳይሆን እንደሱ አድርገሽ ንገሪኝ» አለቻት ዓዲላ። «ከአፉ እንደወጣ።»

ሰብለወንጌል ትንሽ አሰበች። «'እሱ ነው ያበላኝ፤ መራራ ነበረ' አሉ። ስም አልጠሩም። ከዚያ 'ልጄ ሲመጣ፣ እሱን እንዳይቆጣው ንገረው' አሉኝ። ለወንድምሽ ነግሬዋለሁ።»

«ንገረው? አንቺን?»

«አዎ» አለች ነርሷ ፈገግ ብላ። «ወንድ አደረጉኝ እኮ። 'አንተ ሐኪም፣ ውሃ ስጠኝ' ሲሉኝ ነው ያመሹት።»

ዓዲላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ልጅ ሳለች አባቷ ገበያ ይዟት ሲሄድ ለነጋዴው ሁሉ በአማርኛ «ይሄ ልጄ ነው። ዓዲላ ነው። ጎበዝ ነው» ይል ነበር። ነጋዴዎቹ ቀሚሷን እያዩ ይስቃሉ። «እሷ በል» ብላ በበርታኛ ስትቆጣው፣ «ገባቸው አይደል?» ይላታል። በአማርኛው ላሟም፣ ሚስቱም፣ ልጁም «እሱ» ነበሩ።

«አብዱልረሂም ያን ሰዓት የት ነበር?»

«እዚሁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።»

በሩ ላይ ለቆመ ሰው «ሲመጣ» አይባልም። የምትመጣው እሷ ነበረች፣ ከጉባ። ያበላው «እሱ» ደግሞ ሴትም ሊሆን ይችላል። ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሴት አንዲት ናት።

በመመለሻዋ መንገድ ዳር ሴቶች የቀርከሃ ቡቃያ ይሸጣሉ፤ ወቅቱ ነው። ዓዲላ አንዱን ልጣ አሸተተችው። ቡቃያ ተቀቅሎ መራራ ውሃው ይደፋል፤ በአዲስ ውሃ እንደገና ይቀቀላል፤ ምሬቱ እስኪለቅ። ካልደፉት ይመርዛል። ይህን እዚህ ያደገች ሴት ሁሉ ታውቃለች።

ነዕማ አሁንም ማድቤት ነበረች።

«አክስቴ፣ ያን ቀን ቡቃያ ሠርተሽ ነበር?»

«ውሃውን ደፍቻለሁ» አለች ነዕማ።

ዓዲላ ስለ ውሃ አልጠየቀቻትም። ሁለቱም ይህን እኩል አወቁ። ቢላዋው ቆመ።

«አንዴ ደፍቻለሁ» አለች ነዕማ ቀስ ብላ። «እንደገና ልጥደው ስል አባትሽ መጣ። ራበኝ አለ። ገና ነው፣ ይመራል አልኩት። ታውቂው የለም? ከድስቱ በላ። እኔም ጨልፌ ጨመርኩለት።»

«ጎሹ ነው ያልሽው ለምንድን ነው?»

«እኔ አላልኩም። እነሱ አሉ። ወንድ ነው ሲሉ አላህ ያወጣኝ መሰለኝና ዝም አልኩ።»

ዓዲላ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ድስት አነሳች፤ ከግድግዳው ጋር ልታላትመው ከራሷ በላይ ከፍ አደረገችው። እንዲህ እንደምትሆን አባቷ ያውቅ ነበር። እየሞተ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ ለማያውቃት ልጅ አደራ ያለው ይህንኑ ነው። ድስቱን አስቀመጠችው።

«አባባ አትቆጪያት ብሎኛል።»

«ማንን?»

«አንቺን።»

ነዕማ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ተነሳች። ካፊያ ጀምሮ ነበር። በለቀስተኞቹ መካከል ስታልፍ አብዱልረሂም «አክስቴ፣ ወዴት ነው?» አላት። ከአጥሩ ወጥታ ጎሹ ፊት ቆመች። አማርኛዋ ከማህጁብም ያነሰ ነው።

«ጎሹ» አለች። «ማር አይደለም። እኔ ነው። እኔ ነው ያበላው።»

ሁሉም ሰማ። አብዱልረሂም ሊነሳ ሲል ዓዲላ እጅጌውን ያዘች፤ ቢጎትትም አልለቀቀችም።

ጎሹ ነዕማን አተኩሮ አያት። በኋላ ከተቀመጠበት ፈቀቅ አለ፤ ከጎኑ የረጠበውንም ቦታ በመዳፉ ጠረገላት።