የሚካኤል ጧፍና የግድቡ ዓሣ

የሰኔ ሚካኤል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሞጣ ወጣ ብላ ባለችው ትንሽ ግድብ ዳር ሦስት ሰዎች ነበሩ። ከቢቸና የመጣው ጎሚስታ ሰማው፣ ግድቧ አጠገብ የምትኖረው ታላቅ እህቱ ፈንታነሽና የውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበር ሰብሳቢ ጋሼ ስጦታው።

ማኅበሩ ክረምቱ ሳይገባ፣ ሰኞ ዕለት፣ የግድቧን በር ከፍቶ ውኃውን ሊለቅና ደለሉን ሊጠርግ ወስኗል። ፈንታነሽ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ከባሕር ዳር በጀሪካን ያመጣቻቸውን ቀረሶ የሚባል ዓሣ ጫጩቶች እዚያው ውኃ ውስጥ ለቅቃ ነበር።

"ዓሣ ካለ አሳዪንና በሩን አንከፍትም፤ ደለሉን ከዳር ከዳር በአካፋ እናወጣዋለን" ብለዋት ነበር ጋሼ ስጦታው፣ ውሳኔው የተነገረ ዕለት። "እስካሁን ግን ያየ ሰው የለም።"

"ውኃው ሲለቀቅማ ይታያሉ፤ ሞተው!" አለችና ያን ዕለቱን ለወንድሟ ደወለች።

መረብ እንዳይጣል፣ ውኃው የዋጠው የግራር ጉቶ ይበጣጥሰዋል። ከዳር ሆኖ በትል ማጥመድም ተሞክሮ ምንም አልተያዘም። ሰማው ግን ባለፈው ሊጠይቃት መጥቶ አንድ ነገር አይቷል። ዝናቡ አባርቶ ክንፋሙ አሸን ሲፈላ፣ የግድቧ መሐል ክብ ክብ እየሠራ ይንቦጫረቅ ነበር። የሆነ ነገር ከሥር አሸኑን ይለቅማል። ዓሣ ይሁን እንቁራሪት አላወቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማ ሲለጥፍ እንኳ ሐሳቡ እዚያው ነው። እስከ መሐል እንዴት ይገባል? አሸን የሚመስል ነገርስ ከምን ይሠራል?

ለመግቢያው የኢሱዙ መኪና የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪያ፣ ነፍቶ ከማዳበሪያ ከረጢት መቀመጫ ሰፋለት፤ ከጀሪካን ቆርጦም እንደ ዳክዬ እግር ከጫማ ሥር የሚታሰር መቅዘፊያ አበጀ። ለአሸኑ ደግሞ ከነጭ አውራ ዶሮ አንገት ላባ ነቅሎ በትንሽ መንጠቆ ላይ በክር ጠመጠመ።

ጋሼ ስጦታው መንጠቆውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። "ዓሣ ላባ ሊበላ?"

"አሸን ይመስለዋል ብዬ ነው፣ ጋሼ።"

"በዚህ በጾም የዶሮ ነገር አፉ ያስገባል ብለህ ነው?"

ፈንታነሽ ሳትወድ ሳቀች።

ሰማው ካላማዳሪያው ላይ ተቀምጦ የኋሊት እየቀዘፈ ገባ። መሐል ሲደርስ ከሮብ ገበያ የተገዛውን የቀርከሃ ዘንግ አወናጨፈ። ላባው ግን ከመሄድ ይልቅ ተመልሶ ትከሻው ላይ ተለጠፈ። ደገመው፤ አሁን ደግሞ ጆሮው ላይ።

"አንተ፣ ራስህን ልታጠምድ ነው እንዴ የመጣኸው?" አለችው ፈንታነሽ ከዳር።

"ክሩ ክብደት የለውም፣ እታለም! ላባውን የሚገፋው ጠፋ። ወፍራም ክር ባስር ደግሞ ርሶ ይሰጥማል።"

"ከባድም ይሁን፣ አይስጠምም ነው የምትለው?"

ይህን ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች። ስትመለስ ለሚካኤል ያዘጋጀችውን ጧፍ ይዛለች፤ በሰም የተነከረ ረጅም የጥጥ ፈትል፣ ገና ያልተቆራረጠ።

"እንዴ! የሚካኤልን?" አሉ ጋሼ ስጦታው።

"ለእሱ ሌላ እነክራለሁ። ቀን አለኝ።"

ሰማው ወደ ዳር ቀዝፎ ተቀበላት። ጧፉን በመዳፉ እያሸ አለሰለሰው። አንዱን ጫፍ ከዘንጉ፣ ሌላውን መንጠቆው ካለበት ቀጭን ናይለን ጋር አሰረና ተመለሰ። ወደ ኋላ ሲያወናጭፈው ጧፉ አየር ላይ ተዘረጋ፤ ወደ ፊት ሲመልሰው ላባውን አስከትሎ ሄዶ ውኃው ላይ ቀስ ብሎ ተኛ። አልሰጠመም። ጋሼ ስጦታው ከነጫማቸው ውኃ ውስጥ መቆማቸውን አላወቁትም።

ላባው ድንገት ጠፋ። ዘንጉ ተንቀጠቀጠ። ሰማው ስቦ ሲያወጣው ግን የትንሽ ጣቱን ያህል ዓሣ ነው። አፈረ። ይህን ይዞ ጋሼ ስጦታው ፊት እንዴት ይቀርባል? ከመንጠቆው አላቆ ሊለቀው እጁን ወደ ውኃው ዝቅ አደረገ።

"ምንድን ነው?" ጮኸች እህቱ።

"ምንም አይደል፣ እታለም። ጫጩት ነው። ትልቁ እስኪመጣ ልልቀቀው—"

"እንዳትለቀው!" ቀሚሷን እንደለበሰች እስከ ጉልበቷ ገባች። "ጫጩት የለቀቅሁት ከሁለት ዓመት በፊት ነው! እስካሁን ጫጩት ሆኖ ይቆያል? ይኼ እዚሁ የተወለደ ነው!"

ሰማው ዓሣውን በተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ ከነውኃው አድርጎ አመጣው። ጋሼ ስጦታው ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አገላብጠው አዩት።

"ድንክ ቢሆንስ?"

ሰማው ወደ መሐል ተመለሰና ጧፉን ወረወረ። ሁለተኛው ዓሣ ከመጀመሪያውም ያንስ ነበር። ሦስተኛው መዳፍ ያክላል። ሁለቱንም ወደ ዳር አምጥቶ ሃይላንዱ ውስጥ ጨመራቸው።

"እናትየዋ ይቺ ትሆን?" አሉ ጋሼ ስጦታው፣ ሃይላንዱ ላይ አጎንብሰው። "እስቲ አንዴ ድገመው፤ አባትየውንም እንየው።"

ሰማው እሑድ ጠዋት ወደ ቢቸና ተመለሰ። ሰኞ የግድቧ በር አልተከፈተም።