የጥርኝ ድንጋይ

እናቴ ኡሙሰልማ ቂም ከያዘች ሰው ነው አውሬ ነው ብላ አትመርጥም። የዚያን ዓመት ክረምት ሁለት ባለጋራ ነበራት፤ አንዱ ጎረቤታችን ተሾመ፣ ሌላው ጥርኝ። ተሾመ መሬቴን ሊወስድ ነው ትላለች፤ ጥርኙ ደግሞ ዶሮዎቼን ጨረሰ። ማንኛው እንደሚብስ ስትጠየቅ መልሷ እንደ ቀኑ ይለያይ ነበር።

የምንኖረው ከጎብዬ ወጣ ብሎ ነው፤ እርሻችን ከቤታችን ጀርባ ይጀምራል። እዚህ ቆላ ዝናብ ቢጠፋም ከላይ ከተራራው የሚወርድ ጎርፍ አለ። ሰዉ ጎርፉን እየጠለፈ በቦይ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ ደጋሊት የምንለው ማሽላ የሚያፈራው በዚያ ውሃ ነው። ጎርፍ ያልገባበት ማሳ አገዳ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የእኛ ቦይ ደግሞ የሚነሣው ከተሾመ ጋር ከምንዋሰንበት ጠርዝ ላይ ነው።

የዚያን ክረምት ጎርፉ ከልኩ አለፈ። በማሳው ላይ ደለል ከመረ፤ የወሰኑን ድንጋዮች ግማሹን ቀበረ፣ ግማሹን አንከባለለ። ውሃው ሲጎድል እዚህም እዚያም አናታቸውን ብቅ ያደረጉ ድንጋዮች ቀሩ። እናቴ ወሰኑ በወዲያኛው ድንጋይ በኩል ነው አለች፤ ተሾመ የለም፣ በወዲህኛው ነው አለ። በሁለቱ መካከል ያለው መሬት ያን ያህል ሰፊ አይደለም፤ ግን የቦያችን አፍ እዚያው ላይ ነው። ለተሾመ ከተፈረደ፣ ከእንግዲህ ጎርፍ ወደ ማሳችን የሚገባው እሱ ደስ ሲለው ብቻ ነው። ወሰኑን አብጠርጥሮ የሚያውቀው አባቴ መህዲ ነበር፤ እሱ ደግሞ ከሞተ ከርሟል። በዚያ ላይ የመሬት ልኬታ ሊመጣ ነው ተብሏል። ያን ጊዜ የተለካ ወሰን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ነገሩ በሽማግሌ ተይዞ ለቅዳሜ ተቀጠረ። እናቴ ምስክር የላትም። ያላት አፏ ነው፤ አፏ ደግሞ፣ ልጇ ስለሆንኩ ልናገረው፣ ከወዳጅ ይልቅ ጠላት ያፈራል።

ዶሮዎቹ ማለቅ የጀመሩት በዚህ መሐል ነው። የዶሮ ቤቱን አባቴ በአራት ቋሚ ላይ ከፍ አድርጎ ከሾላው ዛፍ አጠገብ ነበር የሠራው። ጠዋት ስንከፍተው አንዷ አንገቷን ተነክሳ፣ ሌላዋ ጭንቅላቷ ተበልቶ ቀሪው ሳይነካ ተጥሎ እናገኛለን። ከአጥራችን ጥግ ደግሞ የጥርኝ ዓይነ ምድር ተከምሯል። ጥርኝ ሁሌ አንድ ቦታ ነው የሚጸዳዳው፤ ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ክምሩን አየች፣ ፈረደች። የሽቦ ወጥመድ አበጅታ ጥርኙ በሚመላለስበት የአጥር ቀዳዳ ላይ አሰረችው።

ይግባኝ ያለው ተከራያችን ነው። እሱባለው ይባላል፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው። ስለ ሰው ሲወራ ያንቀላፋል፤ ስለ አውሬ ከተነሣ ግን የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ይደርቃል። ወጥመዱን ሲያይ እንጨት ሰብሮ ክምሩ አጠገብ ቁጢጥ አለና ይቆሰቁስ ጀመር። መንገደኛ እንዳያየው እኔ አፈርኩለት። ቆይቶ ጠራን። ያሳየን የጥንዚዛ ቅርፊት፣ የቁርቁራ ፍሬ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሺ እግር ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ በጣም ብዙ ነበር። ላባ የሚባል የለም። ሺ እግር መርዝ ስላለው ሌላው አውሬ እንደማይደፍረው፣ ጥርኝ ግን እንደ ቆሎ እንደሚቆረጥመው ነገረን። እኔ በበኩሌ ይህን ስሰማ ለጥርኝ ያለኝ ክብር ጨመረ፤ ሺ እግር ሳይ እስካሁን ይዘገንነኛል።

አስተማሪው ጥርኝ ዶሮ ጨርሶ አይነካም አላለም፤ ካገኘ ይበላል። ግን ከባድ ነው፣ ምድር ለምድር ነው የሚሄደው፣ ዛፍም ቋሚም አይወጣም። ከፍ ካለ ቆጥ ላይ ገብቶ ጭንቅላት ብቻ በልቶ የሚወጣው ሸለምጥማጥ ነው አለ። እናቴ አልተዋጠላትም። ሁለቱም ዝንጉርጉር፣ ሁለቱም ሌባ፣ ያው አንድ ናቸው አለች። አስተማሪው ዘመዱ የተሰደበ ይመስል ፊቱ ቀላ።

ያን ዕለት ራት ላይ ስለ ሁለቱ ያላወራን ነገር የለም። ጥርኝ በእኛ አህጉር አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ ያው አንዱ ነው። ሸለምጥማጥ ግን ዓይነቱ ከደርዘን ይበልጣል። በኮንጎ ጫካ ዓሣ እያጠመደ የሚኖር እንኳ አለ፤ በዓይኑ ያየው ሰው ጥቂት ነው። ከእነዚያ ሁሉ ባሕር የተሻገረው የእኛው አገር ሸለምጥማጥ ብቻ ነው። በየመን ተራራ ይገኛል፤ እስፔን ድረስም ደርሷል፣ ጥንት ሰዎች ይዘውት ሳይሄዱ አይቀርም ይላሉ። እናቴ የመን ሲባል ቀና አለች። ከዚያ ወዲያ ያለውንም ጠየቀች፤ እሱም ስለ ህንድና ስለ እስያ ደሴቶች ጥርኞች ነገራት። እዚያ ዛፍ ለዛፍ የሚኖሩ አሉ፤ ቦርኒዮ ላይ ውሃ ውስጥ የሚያድንም አለ። አንዱ ደግሞ ቡና እየበላ ፍሬውን እንዳለ ያወጣዋል፤ ሰዎች ከዓይነ ምድሩ ለቅመው፣ አጥበው፣ ቆልተው ይጠጡታል፣ ውድ ነው አለ። እናቴ አስተግፊሩላህ ብላ ከሳህኑ እጇን ሰበሰበች። ያም ሆኖ ስለዚያኛው ጥርኝ ደግማ ጠየቀችው።

በመጨረሻ የነገረን ስለ ዝባዱ ነበር። ጥርኝ መንገዱን አይለውጥም። በመንገዱ ላይ የመረጠው ጉቶ ወይም ድንጋይ ጋ ሲደርስ ጀርባውን ይሰጥና ከጅራቱ ሥር ያለውን ዝባድ ይቀባዋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ያንኑ ድንጋይ ይወርሳል።  እናቴ ከየት እንዳመጣችው ያልገባኝን ጥያቄ ጠየቀች። የሚቀባበት ከፍታ ይለያያል ወይ? አስተማሪው አሰበና፣ በቆመበት ጀርባውን አስጠግቶ ስለሆነ ከቁመቱ አይወጣም፣ ብዙም አይለያይም አላት።

በማግስቱ እናቴ ለሱብሒ ሶላት ስትነሣ ቀሰቀሰችኝ። ሰማዩ ገና መንጋቱ ነበር። በእጇ ድንጋይ ይዛ፣ በሌላው ወደ ሾላው ታመለክታለች። ሸለምጥማጡ ቅርንጫፉ ላይ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎኑ ጥቁር በጥቁር የተነጠበ፤ ጅራቱ የሰውነቱን ያህል ሆኖ በጥቁር ቀለበት የተከፋፈለ። ከቅርንጫፉ ወደ ዶሮ ቤቱ ጣሪያ ሲወርድ ዘለለ ለማለት ይከብዳል፤ ዘይት ሲፈስ ነው የሚመስለው። ጣሪያውና ግድግዳው መካከል ባለችው፣ እጄ በማታልፍባት ክፍተት ጭንቅላቱን አስገባ። ከዚያ እኛን ሰማንና ዘወር አለ። በነዚያ ትልልቅ ዓይኖቹ ረጋ ብሎ አየን፤ አልደነገጠም። ሌባ መሆኑን እያወቅኩ ወደድኩት። እናቴም ድንጋዩን አልወረወረችም። «ሱብሐነላህ፣ ምን ዓይነት ልብስ ነው የለበሰው» አለች። እሱ ተመልሶ ሾላው ላይ ወጣና በቅጠሉ መሐል ጠፋ።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለችኝ ቆይታ። ከሰገደች በኋላ ክፍተቷን በቆርቆሮ እንድደፍን፣ ቅርንጫፉንም እንዳስቆርጥ አዘዘችኝና ወጥመዷን ልታነሣ ወደ አጥሩ ሄደች።

ጥርኙ አልፏል። ሽቦዋን በደንብ አይቷት ኖሮ በጎን ዞሮ፣ እሾሁን ለቀቅ አድርጎ ነው ያለፈው። ዱካው በእርጥቡ ደለል ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። እናቴ ሽቦውን ጠቅልላ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችና ዱካውን ተከተለች፤ እኔም ኋላዋ። ማሳውን አቋርጠን ወደ ተሾመ ጠርዝ ተጠጋን። አንድ ድንጋይ ጋ ሳንደርስ እናቴ ቆመች። እኔ ገና ምንም አላየሁም፤ እሷ ግን ሸቷታል።

አባቴ ዝባድ ይፍቅ ነበር። ጠዋት ማሳ ሲወጣ ከወሰኑ ድንጋይ ላይ በቢላዋ ጫፍ ፍቆ በትንሽ ቢልቃጥ ያመጣል፤ እናቴ በቅቤ ለውሳ ጸጉሯን ትቀባበታለች። ለጎረቤትም ይሰጥ ነበር፤ ዝባድ ለራስ ምታት ፍቱን ነው ይባላል። ድንጋዩን የጥርኝ ድንጋይ ይለዋል። እናቴ ግን አንድም ቀን ሄዳ አይታው አታውቅም፤ እሷ የምታውቀው ሽታውን ነው። ከድንጋዩ ሥር ተቀመጠችና በተሾመ በኩል ባለው ገጽ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ሌሊት የተቀባ ነው፣ ገና አልደረቀም። ጣቷን አሸተተችና አለቀሰች። አባቴ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም።

«ምስክሬን በሽቦ ላንቀው ነበር፣ ራዊያ» አለችኝ።

ከዚያ ተነሥታ በዓይኗ ለካች። ድንጋዩ እሷ ወሰን ነው ስትል ከከረመችው ወደ እኛ የቀረበ፣ ተሾመ ከሚለው ደግሞ ወደ እሱ ገፋ ያለ ነበር። ያ ማለት ከምትለው መሬት ትንሽ ታጣለች፣ የቦዩ አፍ ግን ከእኛ ጋር ይቀራል። «ይሁን፣ እውነቱ ከሆነ» አለችና እስከ ቅዳሜ ለማንም እንዳልተነፍስ አስማለችኝ። ያ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

ቅዳሜ ሽማግሎቹ ማሳው ላይ ተሰበሰቡ፤ ሼህ አብዱሰመድና አቶ ጋሹ ነበሩ ዋናዎቹ። ዱዓ ተደረገ፣ አቶ ጋሹም በስመአብ ብለው ከፈቱት። ተሾመ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግትር ነው። አባቱ ያሳዩት ድንጋይ ወዲህኛው ነው ብሎ አምኗል። እናቴ የጥርኙን ድንጋይ ስታሳያቸው፣ ጎርፉ አንከባሎ ያመጣው ቢሆንስ ሲል ጠየቀ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ሽማግሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ።

እናቴ ዙሪያው እንዲቆፈርላት ለመነች። ጎረምሶች ደለሉን አነሡ። ከአዲሱ ቅባት ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ በዚያው ገጽ፣ ደለሉ ቀብሮት የነበረ ሌላ ቅባት ወጣ። የብዙ ዓመት ነው፤ ጠቁሯል፣ ወፍሯል፣ እንደ መቀነትም ቀጥ ብሎ ተጋድሟል። እናቴ አስረዳቻቸው። ጥርኝ የሚቀባው በቁመቱ ልክ ነው። አሮጌው መሬቱ ሳይነሣ የተቀባው ነው፤ ደለሉ መሬቱን ከፍ ሲያደርገው አዲሱም አብሮት ከፍ አለ። ድንጋዩ ተንከባሎ ቢሆን አሮጌው ተጣሞ ወይ ተገልብጦ ይገኝ ነበር። አስተማሪው ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። የነገራት እሱ ነው፤ እዚህ ያደረሰችው ግን እሷ ናት፤ ደስታው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

ተሾመ ጎንበስ ብሎ አየና ጥቁር ሁሉ ዝባድ ነው ወይ አለ። ከመንገዱ ታጥቦ የመጣ የመኪና ዘይት ቢሆንስ? ሼህ አብዱሰመድ ሊያሸቱ ፈለጉ፣ ግን ጉንፋን ይዟቸዋል። አቶ ጋሹም ዝባድ አላውቅም አሉ። ነገሩ ሊንጠለጠል ነበር።

ያን ጊዜ የተሾመ ሚስት ከፈለች ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መጣች። በሽማግሌ መሐል ሴት ሳትጠራ አትገባም፤ እሷ ግን ገባች። ከአሮጌው ላይ በጥፍሯ ፍቃ አፍንጫዋ ጋ አደረገችና ዓይኗን ጨፈነች።  ባሏ እያያት ነው።

«መህዲ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ራሴን ሲያመኝ የሚሰጠኝ ይኸው ነው» አለች። «ከወሰናችን ላይ ነው የምፍቀው ይለኝ ነበር። ተሾመ፣ አንተም ታውቀዋለህ። ስንት ዓመት ትራሴ ላይ አሽትተኸዋል።»

አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች።  ተሾመ ተንበርክኮ አፍንጫውን ከድንጋዩ አስጠጋ፤ ብዙ አላሸተተም። «እውነቷን ነው» አለና ተነሣ። ወሰኑ በጥርኝ ድንጋይ ጸና፤ ልኬታው ሲመጣም ገመዱ ከዚያ ላይ ተወጠረ። ከፈለች ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ምን እንደጠበቃት አላውቅም። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን መናገሬን እንጃ፤ ከዚያ ወዲህ ባየኋት ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሣላታለሁ።

ዶሮዎቻችን ተረፉ። ሸለምጥማጡም አልፎ አልፎ ይታያል፤ እናቴ አሁን ሌባ ነው ትላለች፣ ግን የመን ድረስ ዘመድ ያለው ሌባ። ለጥርኙ ደግሞ የበሰለ ቁርቁራ ከድንጋዩ ሥር ታኖርለታለች፤ እሱ ይብላው ወፍ ይብላው አይታወቅም።

ከሽማግሌው በኋላ ተሾመ ለብዙ ጊዜ አላናገረንም። አንድ ጠዋት ግን ቢላዋና ቢልቃጥ ይዞ ወሰኑ ላይ ቆሞ አገኘነው። ድንጋዩን አልነካውም። እናቴ ስትጠጋ፣ ከፈለችን ራሷን አሟታል፣ ከፈቀድሽልኝ ትንሽ ልፋቅላት አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም።

እናቴ ድንጋዩን አየች፣ እሱን አየች።

«ጥርኙ የሚቀባው በአንተ በኩል ነው» አለችው። «ምን ያስጠይቅሃል፣ ፋቅላት።»