አምስት የመሳቢያ ፊቶች

ሰፈሩ «ሚሊሜትር» ይለዋል። በአንዲት ሚሊሜትር ከአሠሪው ተጣልቶ ሥራ ጥሎ የወጣ አናጺ ነውና ስሙን አልጠላውም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ መጋዙን የሚያነሳው ሚስቱ ስታዘው ብቻ ነበር። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የኩሽናው ካቢኔት አምስት መሳቢያዎች ፊታቸው አብጦ ተላልጧል።

«እስቲ አዲስ ሥራላቸው፤ አሳፈሩኝ» አለችው።

«ማን አይቶብሽ ነው የምታፍሪው?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሥራ ሲሉህ አትመራመር።»

ደስ አለው እንጂ አልተመራመረም። አልጋ ሥር ለዓመታት ያደረቀውን ሰፊ ጣውላ አወጣ። የእሱ ወግ እንዲህ ነው፦ አምስቱንም ፊት ከዚያው ከአንዱ ጣውላ በተራ ይቆርጣል። የእንጨቱ ጅማት ከላይኛው መሳቢያ ተነስቶ ሳይቋረጥ እስከ ታችኛው መውረድ አለበት። በጀርባቸው በእርሳስ ቁጥር ይጽፋል፤ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ በመካከላቸው የክብሪት እንጨት የምታህል ክፍተት ይተዋል። ብሎኑን ከመሳቢያው ውስጥ በኩል ያስረዋል፤ ከውጭ ምንም አይታይም።

ልክ ሲወስድ የሚስቱ ጉልበት ትዝ አለው።

«ለድስት የሚሆን አንድ ጥልቅ መሳቢያ ከላይ ላውጣልሽ» አላት።

«ተወው፣ እኩል ይሁኑ።»

«ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ትጮሂ የለም እንዴ?»

«እኩል ይሁኑ አልኩህ። ለሁሉም የሚሆን ይሁን።»

አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ለራሷ የሚመቸውን እንጂ ለሁሉም የሚሆነውን ጠይቃ አታውቅም። ነገሩ ከነከነው፤ ግን ልኩን መውሰድ ቀጠለ።

አራቱን ገጥሞ አምስተኛውን በያዘበት ቀን ሴት ልጁ አንዲት ወይዘሮ ይዛ መጣች።

«የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት አባባ፤ ሻይ ልትጠጣ ነው።»

ወይዘሮዋ ሻዩን ሳትቀምስ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣችና የኩሽናውን መስኮት ለካች። አናጺው ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ አያት። የመጋረጃ ልክ የሚወስድ ሰው እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛውን መሳቢያ ስባ መለሰችው። «እጅዎ ይባረክ አባቴ። መቼ ነው የምትለቁልን?»

ልጁ ማንኪያ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ሚስቱ ወደ ምድጃው ዞረች፤ ምድጃው ላይ የተጣደ ነገር አልነበረም።

«ማን ነው የሚለቀው?» አለ።

«አባባ… ያን ቀን የፈረምከው ወረቀት… የቤቱ ሽያጭ ነበር።»

አስታወሰው። የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ ነው ብላው ነበር። መነጽሩ ሳሎን ስለነበር ጣቷን ያሳረፈችበት ቦታ ላይ ፈረመ። ጣውላ ሦስቴ ሳይለካ መጋዝ የማያነሳ ሰው፣ የልጁን ወረቀት አንዴም አላነበበም። ልጅ ይለካል እንዴ?

ወይዘሮዋ ፊቷ ቀላ። «አያውቁም ነበር?» አለችና ወደ ሳሎን ወጣች።

«ልጅ አሳደግኩ ብል ደላላ ነው ለካ ያሳደግኩት» አለ አናጺው።

«ልጅቷን ተዋት» አለች ሚስቱ ሳትዞር። «ያዘዝኳት እኔ ነኝ። የውሃ ቆጣሪ ነው በይው ያልኳትም እኔ ነኝ።»

በልጁ ላይ የተነሳው ቁጣ መሄጃ አጣ። እንጨቱን ጉልበቱ ላይ አስተኛው።

«ምነው?»

«ደረጃው ጨረሰኝ። ልጃችን ጋ ደረጃ የለም። ብነግርህ ደግሞ እምቢ ትላለህ።»

«እል ይሆናል፤ አልልም ይሆናል። ሳትጠይቂኝ መለስሽልኝ።»

ሚስቱ ባዶውን ምድጃ በጨርቅ ጠረገች።

«ይሄንንስ ለምን አሠራሽኝ?»

«ቤቱ ለገዢ ዓይን እንዲሞላ ነዋ» አለች፤ ድምጿ አነሰ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ትከሻውን ስታሽለት፣ «ጎበዝ፣ የትኛው ቀረህ?» ስትለው ነበር። ለካስ ቀን እየቆጠረች ነው። ከቤቱ መሸጥ ይልቅ ይሄኛው አመመው።

ወደ ሳሎኑ ጮክ ብሎ፣ «የኔ እመቤት፣ ይግቡ። ፊርማው የኔ ነው፤ አልክደውም። አምስተኛውን ዛሬ እገጥመዋለሁ» አለ።

ገጠመው። ግማሽ ሰዓት ያህል ብሎኖቹን በካቻቢቴ አጠበቀ። ሲጨርስ መሣሪያውን አንድ በአንድ ጠርጎ ወደ ሣጥኑ ከተተ።

«ክፍላችሁን ቀለም አስቀብቼዋለሁ አባባ» አለች ልጁ።

«የእናትሽን ክፍል ነው። እኔ እህቴ ጋ እሆናለሁ።»

ሚስቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እስከ መቼ?»

«እኔ ምን አውቄ። በዚህ ቤት ቀድመሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ። ደረጃው ላይ ሳለ ከላይ መሳቢያ ሲከፈት፣ ሲዘጋ፣ ደግሞ ሌላው ሲከፈት ሰማ። ወይዘሮዋ እየሞከረች ነበር። አንዱም ሲጥ አላለም።