ዳያል መጨረሻ ላይ የነካካው

«ወንድሜ ቅዱስ ነበር!» አለ ቢንዴሽ፣ በአንድ እጁ ዓይኑን እየጠረገ፣ በሌላው ሮቲ የሚሉትን ቂጣ ምስሩ ውስጥ እያጠቀሰ። ምስሩ በአገጩ ወርዶ ነጭ ሸሚዙ ላይ ጠብ አለ። «ጉንዳን ረግጦ የማያውቅ ሰው!»

ሱሚንትራ ነጭ የራስ ልብሷን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። በባል ታላቅ ወንድም ፊት አፍ አይከፈትም። ቢከፈት ኖሮ፣ ሟቹ ባሏ ዳያል የጉንዳን ጎሬ አጠፋለሁ ብሎ በፀጉር ማድረቂያዋ እንደለበለበ፣ ማድረቂያውን አቃጥሎ ጉንዳኑን እንዳተረፈ ትነግረው ነበር።

ከቤቱ ፊት በተጣለው ዳስ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው ከተፈጨ ሥር የሚበጠበጠውን ካቫቸውን ይጠጣሉ። ቅሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ጭብጨባ ይሰማል፤ ከጭብጨባው ቀጥሎ ግሳት። ከወንዙ ማዶ ያለው ፋብሪካ አገዳ መጭመቅ ከጀመረ ወዲህ መላው የላምባሳ ከተማ የተቃጠለ ሞላሰስ ይሸታል። ያ ሽታ ከካቫው የጭቃ ሽታ፣ ከእርጥብ ካልሲና ከሰው ላብ ጋር ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ተጠጋግተው ያንሾካሹካሉ።

«እንባዋ የታለ?»

«ደርቆባት ይሆናል።»

«ድሮስ ነበራት ብለሽ ነው?»

ሰማቻቸው። ዞራ ግን አላየቻቸውም። ማልቀስ ጠልታ አይደለም፤ እንባው ሊመጣ ሲል ሁልጊዜ አንድ የሚቀፍ ነገር ይቀድመዋል። ወይ የቢንዴሽ አገጭ፣ ወይ ዳያል ራሱ።

ዳያል ዕድሜውን ሁሉ የአገዳ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ፈታ፤ እጁ ሥራ ሲፈታ የቤቱ ዕቃ ሁሉ አሳሩን በላ። የሚሠራ ነገር ካየ ያሳክከዋል። የተበላሸውንስ ይጠግን፤ እሱ ግን ደህናውን «ላሻሽለው» ብሎ ይፈታ ነበር። አንድ ጠዋት ሱሚንትራ ጥርሷን ስትቦርሽ ምላሷ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር አገኘች። ጎትታ ስታወጣው የበረሮ እግር ነው። ዳያል የኮምፒውተሯን ማራገቢያ በእሷ ጥርስ ብሩሽ አጽድቶ፣ ብሩሹን ጠቅ ጠቅ አድርጎ አራግፎ ወደ ኩባያው መልሶታል። «አራግፌዋለሁ እኮ» አላት፣ እሷ ጓሮ ወጥታ ስታስመልስ ከኋላዋ ቆሞ።

ኮምፒውተሩ እንጀራዋ ነው። በእሱ የሠርግ ካርድ ትሠራለች፤ በዙሪያው ካሉት የአገዳ ገበሬዎች ልጁን ሲድር የሱሚንትራን ደጅ የማይረግጥ ጥቂት ነው። አሁን ግን ያ ኮምፒውተር አይነሳም። ዳያል በሞተበት ጠዋት እንደተበላሸ፣ ሆዱ እንደተከፈተ፣ ጓዳው ውስጥ ተቀምጧል።

«ፕራኒል ይየው እንጂ» አለ ቢንዴሽ ሮቲውን ጨርሶ ጣቱን እየላሰ። «ሱቫ ከተማ ትልቅ የኮምፒውተር ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ልጅ እያለ!»

የቢንዴሽ ልጅ ፕራኒል ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ጎልማሳ ነው። ከነጫማው ጓዳው ገባ። ሱሚንትራ ተከትላው ገብታ የጭቃውን ዱካ ምንጣፏ ላይ አየች። ማብሪያውን ተጫነ። ስክሪኑ ላይ የመነሻዋ ክብ ትንሽ ዞረች ዞረችና ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ከላይ ሁለት ነጥብና አንድ ቅንፍ ተጋድመው የተከፋ ፊት ሠርተዋል። ፕራኒል ትከሻውን ሰበቀ።

«ዲስኩ ሞቷል አክስቴ።»

«አዲስ እኮ ነው። ዳያል በቅርቡ ነው የገጠመው።»

«አዲስም ይሞታል።» ዓይኗን አላያትም። «ሱቫ እንወስደውና... እናየዋለን።»

ዲስኩን እንኳ አውጥቶ አላየም። ፕራኒል ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ የአባትና የልጅ ድምፅ በመስኮቱ የመስታወት ርብራብ መሃል ገባ።

«ሞቷል አልካት?»

«አልኳት። ግን አባዬ፣ በደንብ ሳላየው...»

«ዝም በል። የመበለት እጅ የነካው የሠርግ ካርድ ማን ሊወስድ ነው? እዚህ አቧራ ከሚበላው፣ አንተ የምትሠራበት ሱቅ ውስጥ ይሥራ። የወንድሜን መሣሪያዎችም እጭናለሁ። ልጅ እንደሆነ አልወለዱ፤ ለማን ሊቀር ነው?»

የዳያል አስከሬን በሂንዱ ሥርዓት ከተቃጠለ አመዱ ገና በቅጡ አልቀዘቀዘም። ሱሚንትራ አፏን በራስ ልብሷ ያዘች፤ ያጎረሳት ሳይኖር አንድ የገማ ነገር የዋጠች መሰላት።

በዚህ መሃል ጎረቤቷ ሎሳ በጓሮ በር ገባች። ለለቅሶ የሚሰጥ የተጠቀለለ አዲስ ሰሌን በብብቷ ይዛለች፤ በሌላ እጇ የተቀቀለ ካሳቫ። ሎሳ እንደ ሱሚንትራ የህንድ ዘር ሳትሆን የአገሬው ተወላጅ ፊጂያዊት ናት፤ ሁለቱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። ቁና ቁና እየተነፈሰች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ስክሪኑን አየች።

«ምንድን ነው ይሄ? ፊት ነው?»

«ሲበላሽ የሚያሳየው ነው።»

«ውጭ ካሉት አልቃሾች ሁሉ እሱ ይሻላል። ቢያንስ ምስር አይበላም።»

ሱሚንትራ ሳታስበው ሳቋ አመለጣት፤ ቶሎ ብላ አፏን ሸፈነች።

«ሎሳ፣ የልጅሽ የሠርግ ካርድ እዚህ ውስጥ ነው። አልደርስልሽም። ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ሌላ ሰው ማን አለ?»

«የመበለት እጅ ነው ደግሞ።»

«እሱ በእናንተ ነው። በእኛ ዘንድ የመበለት እጅ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? እንደ ማንኛውም እጅ ሳህን ያጥባል።» ሎሳ ካሳቫውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይልቅ ይሄን ነገር አስነሺው።»

«እኔ ምን አውቄ? የሚያውቀው እሱ ነበር።»

«ሌት ተቀን ሲነግርሽ አልነበር? አጥር ዘልሎ ለእኔ እንኳ ይሰማኝ ነበር።»

እውነት ነው፣ ይነግራት ነበር። አትሰማውም ነበር እንጂ። ማሽኑ ቀርፋፋ ሆኖባት «ይሄ እስኪነሳ ምስር ይበስላል» ያለችው እሷ ናት። ያንን ሰምቶ ነው ዳያል አዲሱን ዲስክ ያመጣው፦ የማይሽከረከር፣ ድምፅ የሌለው፣ መዳፍ ላይ የሚያርፍ ስስ ነገር። በአሮጌው ላይ የነበረውን ሁሉ ወደ አዲሱ ገልብጦ ሲያበራው ኮምፒውተሩ ዓይን ሳይጨፈን ተነሳ። ዳያል ከወንበሯ ኋላ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። የሆነ ነገር እንድትለው ይጠብቅ ነበር፤ ያን ጊዜም ገብቷታል። እሷ ግን «ደህና ነው። በል ከእንግዲህ እንዳትነካው» አለችው።

መቼ አስችሎት! በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ አፉ ውስጥ ሮቲ እየተንከባለለ፣ ፍርፋሪው እየተፈናጠረ ጀመረ።

«አንድ ሴቲንግ ቀርታኛለች። ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው፣ የድሮና የአሁን። ወጣት ዲስክ አምጥቼ በአያቱ ቋንቋ እያስወራሁት ነው። እሷን ብቀይር ይከንፋል!»

«ዋጥና አውራ» አለችው። ሳህኗን አንስታ ወጣች። በሕይወት ሳለ የነገረችው የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው።

ልብስ አጥባ ስትመለስ ዳያል ወንበሩ ላይ ነበር፤ ስክሪኑ ሰማያዊ፣ ያ የተከፋ ፊት ላዩ ላይ። «ገደልከው አይደል?» ብላ ጀመረች። እጁ እንዲቆረጥ ተመኘችለት። የሎሳን ልጅ ካርድ ከየት እንደሚያመጣ ጠየቀችው። መልስ ስታጣ ይብስ ተናደደች። ሻዩ ላይ የነበረች ዝንብ ተነስታ ከንፈሩ ላይ አረፈች፤ ከከንፈሩ ወደ አፉ ጥግ ሄደች፤ እፍ አላላትም። ሱሚንትራ የገባት ያኔ ነው።

«ምን ይል ነበር?» አለች ሎሳ። «አንድ ነገር አስታወስሽ።»

«‹መጨረሻ የነካሽውን መጀመሪያ መልሺ› ይል ነበር።» ሱሚንትራ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ባሏ የሞተበት ወንበር ነው፤ ሰውነቷን ቀፈፋት፤ ግን አልተነሳችም።

ኮምፒውተሩን አጠፋችውና አበራችው። ገና የአምራቹ አርማ ሲመጣ፣ ዳያል ሲያደርግ እንዳየችው፣ ከቁልፍ ሰሌዳው አንዷን ቁልፍ እንደ ዶሮ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገቻት። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚመጣው የሴቲንግ ገጽ ተከፈተ። ጽሑፉ ጉንዳን ያህላል። አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠጋች። «ሁሉንም ፋብሪካው እንዳደረገው መልስ» የሚል አገኘችና ተጫነችው።

ክቧ ዞረች። ሰማያዊው መጣ፤ ፊቱም እንደተከፋ ነው።

«በቃ ሞቷል» አለች ሱሚንትራ።

«እሱስ ሲበላሽበት በቃ ይል ነበር?»

«እሱማ በቃ አያውቅም! እሱ አይደል እዚህ ያደረሰኝ?» ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ውጭ ያሉት እንዳይሰሙ ዝቅ አደረገችው። ቆይታ ቀስ ብላ ማሰብ ያዘች። ፋብሪካው የሚመርጠው የአሁኑን መንገድ ይሆናል፤ አዲስ ነዋ። ይህ ማሽን ግን፣ ዳያል እንዳለው፣ እስከዚያ ጠዋት በድሮው ነበር የሚሠራው። ዳያል ወደ አሁኑ ቀየረው፣ እሷ ደግሞ ሁሉን ወደ ፋብሪካው ስትመልስ እዚያው የአሁኑ ላይ ተወችው ማለት ነው። መመለስ ያለባት ወደ ፋብሪካው አይደለም፤ ዳያል ከመንካቱ በፊት ወደነበረው ነው።

እንደገና ገባች። ስለ ዲስኩ የሚያወራውን መስመር እስክታገኝ ገጽ በገጽ ሄደች። ሁለት ምርጫ። አሮጌውን መርጣ፣ አስቀምጣ፣ ወጣች።

ክቧ ዞረች። ሎሳ የሱሚንትራን ትከሻ ጨብጣ ይዛለች። ስክሪኑ ጠቆረ፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተከፈተ።

«ተነሳ!» አለች ሎሳ።

ሱሚንትራ ግን ግንባሯን ቋጥራለች። የሆነ ነገር ልክ አይደለም። በስክሪኑ ላይ ያለው ፊደል ሁሉ እንደ ሱቅ ታፔላ ተልቋል። የሎሳ ልጅ ካርድ የተቀመጠበት ፋይል ስም ከወንበሯ ሆና፣ ሳትጠጋ፣ ይነበባል።

«ሌላም ነገር ነክቷል» አለች በምሬት። «ፊደሉን አሳድጎታል።»

«ለምን?»

ሱሚንትራ ወደ ስክሪኑ ዘንበል አለችና መልሳ ራቀች። ዳያል መነጽር ግዢ ሲላት «መነጽር ለአሮጊት ነው» ትለው ነበር።

«አላይማ» አለች።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ቢንዴሽ ባዶ የሩዝ ጆንያ አንጠልጥሏል፤ ፕራኒል ከኋላው ነው። ቢንዴሽ ስክሪኑን አየ፣ ልጁን አየ። ፕራኒል ጆሮው ድረስ ቀልቶ ጫማውን ተመለከተ።

«መዋሸት አልነበረብኝም፣ አክስቴ» አለ።

ሱሚንትራ ተነሳች። የራስ ልብሷ ወደ ትከሻዋ ወረደ፤ አልመለሰችውም።

«ጋሼ ቢንዴሽ፣ ካቫው ሊያልቅብዎ ነው።»

«እኛ እኮ ለአንቺው ብለን...»

«ጆንያውንም ይዘውት ይሂዱ። እግረ መንገድዎን አገጭዎን ይጥረጉበት።»

የቢንዴሽ እጅ ሳያዘው ወደ አገጩ ሄደ። አባትና ልጅ ወጡ፤ ዳሱ ሥር ያሉት አንገታቸውን ወደ እነሱ አዞሩ፤ ጥቂት ቆይቶ ጭብጨባው ቀጠለ።

«ባለጌ ሆንሽ» አለች ሎሳ ደስ ብሏት።

«ክዳኑን ያዥልኝ። በረሮ ሳይገባበት እንዝጋው።»

ሎሳ የብረቱን ክዳን ገፍታ ያዘች። ሱሚንትራ ከጠረጴዛው ላይ ብሎኖቹን ለቅማ መፍቻውን አነሳች። ክዳኑ ጠሞ ስለነበር ሎሳ ብትይዘውም አልገጠመም፤ ሱሚንትራም በአንድ እጇ መግፋት፣ በሌላው ማጥበቅ ያስፈልጋታል፤ ለብሎኖቹ ሦስተኛ እጅ የለም። ዳያል እንዲህ ሲቸግረው አፉ ውስጥ ይከታቸው ነበር። ዝገቱን፣ ቅባቱን፣ አቧራውን እየላሰ በብሎኖቹ መሃል ሲያወራት፣ እሷ ከክፍሉ ትወጣ ነበር።

ብሎኖቹን ከንፈሮቿ መሃል ያዘቻቸው። ብረት ብረት ይላሉ፤ የቆየ ቅባትና አመድ የመሰለ ነገርም አላቸው። ዓይኖቿ ሞሉ።

«ኧረ ትፊው! ይቆሽሻል እኮ!» አለች ሎሳ።

ሱሚንትራ ራሷን ነቀነቀች። አንዱን ብሎን ከአፏ አውጥታ ቀዳዳው ላይ አስገብታ ማጥበቅ ጀመረች፤ እንባዋ በጉንጯ ወርዶ የቀሩትን ብሎኖች ሲያረጥባቸው ከንፈሯን ይበልጥ ገጠመች።