ግድግዳ ሥር የተቀመጠችው ልጅ

አቶ በከር ሜክሲኮ ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው በጠዋቱ ልደታ ትምህርት ቤታችን ድረስ መጡብኝ። ልጃቸው ሪሀና በሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ለተሳትፎ ከሚሰጠው አሥር ነጥብ ያገኘችው አንድ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ሃምሳ አልሞላላትም። ማርክ የሚዘጋው ዛሬ ነው፤ ካልተስተካከለ ክፍሉን ትደግማለች።

"መምህርት፣ ቤት ውስጥ ታናናሾቿን የምታስጠናው እሷ ናት። እዚህ ስትመጣ ምን ነካት?"

"አትሳተፍማ! እኔ ምን ላድርግ? ስጠይቅ እጇን አታወጣም።"

"ታወጣለች። እርስዎ አያዩዋትም።"

ደሜ ፈላ። አሥራ አራት ዓመት አስተምሬ ተማሪዬን አላይም? "ይምጡና በዓይንዎ ይዩ!" ብዬ ወስጄ ክፍሉ በር ላይ አቆምኳቸው።

ክፍሉ የተሠራው ለአርባ ልጅ ነው፤ የተጠቀጠቁት ስልሳ ሁለት ናቸው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ይቀመጣሉ። ዳር ያለው ሲጠራ ዘሎ ይወጣል። ግድግዳ ሥር ያለችውን ለማውጣት ግን ሁለት ልጅ መነሳት፣ የኋላው ዴስክም መገፋት አለበት። አንዴ ዴስኮቹን ክብ አድርጌ ባስቀምጥ ርዕሰ መምህሩ "ሰርግ ቤት አደረግሽው እንዴ?" ብለው አስመለሱኝ። ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ።

"አንድ ቁጥር በሦስት ተባዝቶ ሰባት ሲደመርበት ሃያ ሁለት ሆነ። ቁጥሩ ስንት ነው? ሪሀና፣ ነይ ሥሪ።"

ዴስኳን የሚጋራት ኤልያቄም ተነሳ። ማሂ ተነሳች፤ ቦርሳዋ ወድቆ ደብተሮቿ ተበተኑ። የኋላዎቹ "አትግፉን!" ብለው አጉረመረሙ። የሪሀናን ሹራብ የዴስኩ ሚስማር ያዘው። ሌሎቹ "ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!" እያሉ ጣታቸውን ያጮሃሉ። ሰዓቴን አየሁ፤ አርባ ደቂቃ ምን አላት!

"ፍጠኚ እንጂ! ኧረ በቃ… እሺ ዮፍታሔ።"

ዳር የተቀመጠው ዮፍታሔ ቱር ብሎ ተነሳ። "አምስት!"

"ጎበዝ! አጨብጭቡለት።"

ጭብጨባው ሲያበቃ ሪሀና ገና መውጣቷ ነበር። ሹራቧን እያስተካከለች "ቲቸር፣ ልመለስ?" አለችኝ። ቅር እንኳ አላላትም፤ ለምዳዋለች።

አቶ በከር ከበሩ ላይ ሆነው ሁሉንም አዩ። እፍረቴን መደበቂያ አጣሁ።

የማርክ ወረቀቱን አውጥቼ የሪሀናን አንዷን ነጥብ ሰረዝኳት። በምትኩ ስንት እንደምጽፍ ግን አላውቅም፤ ልጅቷን ዓመቱን ሙሉ ሰምቻት አላውቅም።